የታጠኑት ጠርሙሶች

ውሃ በምላሴ እለያለሁ። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አለ፤ ይሳቅ። በወጣትነቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ዓይኔን በነጠላ አስረው፣ አምስት ብርጭቆ ደርድረው ፈትነውኛል። አንዱ ከበሬሳ ወንዝ የተቀዳ ነው፣ አንዱ አንኮበር ከጫካው ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ፣ አንዱ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ። አንዱንም አልሳትኩም። አራተኛውና አምስተኛው አንድ ውሃ ነበሩ፤ ሊያታልሉኝ ፈልገው ነው። "እነዚህ ሁለቱ ወንድማማች ናቸው" ብዬ ብርጭቆዎቹን ስገፋላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ዛሬ ጥርሴ አልቋል፣ ዓይኔም ደክሟል፤ ምላሴ ግን ያው የድሮዋ ናት።

ይህን ያስቀደምኩት ለኩራት ብቻ አይደለም። ኩራትም አለበት፤ አልክድም። ግን ያን ያህል ባልኮራ ኖሮ አሁን የምጽፈው ነገር ባልደረሰ ነበር።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ሌሎች ሲማሩ ከአጥር ውጭ ቆሜ በመስማት ነው። የፈረንጅ ፊደል የለየሁት ከባዶ ቆርቆሮና ከመድኃኒት ሣጥን ላይ ነው። ሒሳብ ማንም አላሳየኝም። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ጤና ጣቢያ በዘበኝነት ስቀጠር፣ ተምረው ከመጡት ረዳቶች ይልቅ የመድኃኒቱን ስም አጥርቼ የማነበው እኔ ነበርኩ። ይህን እነሱም ያውቁ ነበር፤ ለዚህም ነው የማይወዱኝ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የላቦራቶሪ ሰው መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ መነጽር ያደረገ የአገራችን ሰው ነው። በየገጠሩ ያለው የጉድጓድና የምንጭ ውሃ እንዲመረመር ታዟል፤ ከአንኮበር በኩል ውሃ እየቀዳ የሚልክለት ሰው ይፈልጋል። ረዳቶቹ ቁልቁለቱን አስበው አንዱ ጉልበቱን አመመው፣ ሌላው ሚስቱ ልትወልድ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ "በቅሎ ከተሰጠኝ እኔ እሄዳለሁ" አልኩ። የላቦራቶሪው ሰው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ከጣቢያው ጀርባ ወስዶ ግማሽ ቀን አስተማረኝ። ግማሹም በዝቶብኝ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ጠርሙሶቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ተቀቅለው፣ ተደፍነው፣ አፋቸው በወረቀት ተሸፍኖና በክር ታስሮ ነው። "ውሃው ዘንድ ስትደርስ ትከፍታለህ፣ ትቀዳለህ፣ ትደፍናለህ፣ መልሰህ ታስራለህ" አለኝ። "አትጠባቸው። ውስጣቸውን አትንካ። ከዚያ ውጭ ምንም እንዳታደርግ።" ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ደብረ ብርሃን አደርሳለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡስ ይሄዳል። አገሩ ብርድ ስለሆነ ውሃው በመንገድ አይበላሽም። እሺ አልኩ፤ እሺ ስልም ከልቤ ነበር።

ቤቴ ገብቼ አንዱን ጠርሙስ ከፍቼ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። ይህ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። እኛ አገር ወተት የሚታለብበት ዕቃ በወይራ ጭስ ሳይታጠን ወተት አይገባበትም። የጠላ ጋን በግራዋ ሳይታሸና ሳይታጠን ጠላ አይጠመቅበትም። ባልታጠነ ዕቃ ለእንግዳ ውሃ የሰጠች ሴት ስሟ ሦስት ቀበሌ ይደርሳል። እነዚህን ጠርሙሶች ደግሞ ማን እንዳጠባቸው አላውቅም፤ እጁን ታጥቦ ይሁን፣ ምን ነክቶ ይሁን። እኔ የምሰጠው ውሃ በዚህ ዓይነት ዕቃ መንግሥት ፊት ሊቀርብ ነው። አሰብኩና "የተማረ ሰው ይህን አያውቅም፣ እኔ ላሳምርለት" አልኩ።

የወይራ ስንጣሪ ከፍም ላይ አድርጌ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ደፋሁባቸው። የመጀመሪያው ተሰነጠቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ቀድሜ ፀሐይ ላይ አሞቃቸው ጀመር፤ ይህንንም ማንም አላስተማረኝም። ጭሱ ውስጣቸውን ሞልቶ ጠርዛቸው ትንሽ ወዛም ቡና ዓይነት እስኪሆን እጠብቃለሁ፣ እደፍናለሁ፣ ወረቀቱን መልሼ አስራለሁ። የላቦራቶሪው ሰው ቋጠሮ ልዩ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ፈትቼ አይቼ ተማርኩት፣ ከሱ ይልቅ አጥብቄ አሰርኩት። ማንም እንደተከፈተ አያውቅም። ያን ዓመት በሙሉ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፣ ከጎረቤላ እስከ አሊዩ አምባ መዳረሻ የቀዳሁትን ሁሉ በታጠነ ጠርሙስ ቀዳሁ። ውጤቱም ሲመጣ ንጹሕ፣ ንጹሕ፣ ንጹሕ ይላል። አገሬን እንዲህ አኮራኋት ብዬ ተደሰትኩ። ባላገሩ "ባለ ጠርሙሱ" የሚል ስም አወጣልኝ። ጥላ ሥር ሲያዩኝ ይነሡልኛል።

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የገደሉ ትከሻ ላይ አንዲት መንደር አለች። ከላይ ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ፣ ከሱ ዝቅ ብሎ የከብት በረት፣ ከበረቱ ዝቅ ብሎ ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱን የቆፈሩት የደብሩ ቄስ ናቸው፤ መምሬ ይሏቸዋል። በገዛ እጃቸው፣ በሁለት በጋ፣ ድንጋዩን በመሮ እየፈለጡ። ከአሊዩ አምባ ገበያ ጨውና ጨርቅ ጭነው ዳገቱን የሚወጡ ነጋዴዎች እዚያ አህያቸውን ያጠጣሉ፣ ራሳቸውም ጠጥተው "አላህ ይስጥዎት መምሬ" ብለው ያልፋሉ። መምሬ ከቅዳሴያቸው ቀጥሎ የሚኮሩት በዚያ ጉድጓድ ነበር።

ክረምቱ እንደገባ፣ ከመንደሯ በታች ካለው ምንጭ ውሃ ስቀዳ፣ እንስራ ያዘለች ሴት መጣች። እንስራዋን አውርዳ ቆማ ሥራዬን አየች። ሃያ አምስት ዓመት ይሆናታል።

"ጌታው፣ ውሃ የሚመረምሩት እርስዎ ነዎት?"

"ከኔ ሌላ ማን አለ" አልኳት።

"እንግዲያው የኛንም ጉድጓድ ይመርምሩልኝ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ይሁን፤ በጋማ ደህና ነው።"

የመምሬ ምራት ናት። ሁለት ልጆች አሏት። ክረምት በገባ ቁጥር ሁለቱም በተቅማጥ ይወድቃሉ፣ ይከሳሉ፣ መስከረም ሲጠባ ይድናሉ። ጉድጓዱን ጠረጠረች፤ ለባሏ ብትነግረው "የአባቴን ልፋት?" ብሎ ተቆጣት። ከዚያ ያደረገችውን ስትነግረኝ ሳቅ መጣብኝ። ባለፈው ክረምት ለትንሹ ልጅ የምንጭ ውሃ ብቻ ሰጠችው። ዳገቱን በየቀኑ እየወረደች እየወጣች፣ ለሱ ብቻ በትንሽ ገንቦ ለይታ። ትልቁ እንደ ቤተሰቡ ከጉድጓዱ ጠጣ። ትልቁ ታመመ፣ ትንሹ አንድ ቀን ታሞ አልተኛም። ዘንድሮ ደግሞ አገላበጠችው፤ ትልቁ ከምንጩ፣ ትንሹ ከጉድጓዱ። አሁን የተኛው ትንሹ ነው።

"ይህን ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

"ማን ያስተምረኛል። አየሁ እንጂ።"

"ልጅ በብዙ ነገር ይታመማል፤ ቡቃያ እሸት ይበላል፣ ብርድ ይመታዋል። ውሃ ማወቅ ሌላ ነው። ጉድጓዱን እኔም ቀምሼዋለሁ፤ ጥፍጥ ያለ ውሃ ነው።"

"ጥፍጥናውንማ እኔም አውቃለሁ" አለች። "ብቻ ይመርምሩልኝ። ከመረመሩም፣ እኔ እንዳልኩ አይናገሩብኝ። አማቴ ናቸው።"

ያን ቀን ከዚያች ሴት ጋር እኩያ መሆናችንን አላየሁም። እሷም እንደኔ፣ ያለ መምህር ዓይታ ያወቀች ነበረች። እንዲያውም ከኔ የተሻለ መርምራለች፤ ለዚያውም በገዛ ልጆቿ፣ በገዛ ጀርባዋ ውሃ እየተሸከመች። ሌላ ሰው ቢሆን "ጎበዝ" ይላት ነበር። እኔ ግን ለብቻዬ የተማርኩ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ከጉድጓዱ ቀዳሁ። በታጠነ ጠርሙስ። ወረቀቱ ሲመጣ ንጹሕ ይላል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ፊት፣ ዋርካው ሥር ሕዝቡ ተቀምጦ አነበብኩላቸው። ወረቀቱ ሁለት መስመር ነበር፤ እኔ ግን ረዘም አድርጌ፣ ስለ ላቦራቶሪው፣ ስለ መነጽሩ ሰው፣ ጠርሙሶቹ ስንት አገር አቋርጠው እንደሄዱ አስረዳሁ። መምሬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፣ ልፋቴን አስመሰከርክልኝ" አሉ። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ አፌ አይያዝልኝም። ሰው ሁሉ ወደኔ እንደሚመጣ ላሳይ ብዬ፣ "እኔማ የመጣሁት ምራትዎ ለምናኝ ነው" አልኩ።

"ምን ብላ?" አሉ መምሬ።

አንድ ሽማግሌ ቀደም አለና፣ "የአማቷን ጉድጓድ በመንግሥት አስመዘነቻ" አለ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። "ክብደቱስ ስንት ሆነ?" አለ ሌላው። ባሏ ተነሥቶ ወጣ።

በኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ የተበደለው እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ይላል። ሽማግሌዎቹ ተማክረው ምራቲቱ እንዲሁ እንድታደርግ ወሰኑ። አመጧት። ድንጋዩን ራሷ መርጣ አነሣች፤ ትንሽ ድንጋይ አልመረጠችም። ስትወድቅ መምሬ ጎንበስ ብለው ቶሎ አወረዱላት፤ ደግ ሰው ነበሩ፣ አልጨከኑም። እሷ ስትነሣ ወደኔ አየች። ቁጣ አልነበረም። የማያውቁትን ዕቃ ለምን እንደሚያገለግል ለማወቅ እንደሚያዩት ነው ያየችኝ።

እንስራዋን ይዛ ምንጩ ጋ መውረዷን ግን አልተወችም። ሴቶቹ "ባለ ምንጯ" እያሉ ያሽሟጥጧት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ በጋ አለፈና የላቦራቶሪው ሰው አዲስ አበባ ድረስ አስጠራኝ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ አዲስ ኮት ተውሼ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የኔ ወረቀቶች ተዘርግተዋል።

"ይህ ሁሉ ጉድጓድ በክረምት ንጹሕ ነው?" አለኝ።

"ንጹሕ ነው።"

"በበረት ሥር ያለውም፣ ከገበያው በታች ያለውም? በዓለም ላይ እንዲህ ያለ አገር አይገኝም።"

"አዎን" አልኩ፣ "አገራችን እንዲህ ናት።"

ከሣጥኑ አንድ ጠርሙስ አወጣ፤ በቅርብ የላክሁት ነው። ከፈተውና ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ወደኔ ዘረጋልኝ። "ምን ይሸታል?"

"ወይራ" አልኩት። በኩራት ነው ያልኩት። "ሁሉንም አጥኛቸዋለሁ። እናንተ ሳታጥኑ ነው የምትልኩት፣ እኔ ግን ሥራዬን ባልታጠነ ዕቃ አልሠራም።"

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸ። አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቶ ክዳን ያላቸው ሁለት የብርጭቆ ሳህኖች አመጣ፤ ውስጣቸው እንደ ቀጭን ገንፎ የረጋ ነገር ነበር። "ከዚሁ ከግቢያችን ቦይ ትናንት ቀድቼ ነው፣ አንዱን በንጹሕ ጠርሙስ፣ አንዱን ባንተ ጠርሙስ" አለኝ። አንዱ ሳህን እንደ ጤፍ በጥቃቅን ነጠብጣብ ተሸፍኗል። ሌላው፣ የኔው፣ ባዶ ነው።

"የምንፈልገውን በሽታ አምጪ ተሕዋስ ጭሱ ገድሎልናል" አለ። "አንተ የላክኸውን ውሃ ሳይሆን የወይራህን ውጤት ነበር የጻፍኩት።"

"ምላሴስ?" አልኩት። "ቀምሼዋለሁ እኮ።"

"ምላስህ ጨው ያውቃል፣ ብረት ያውቃል፣ ጭቃ ያውቃል። ተቅማጥ የሚያመጣው ግን ጣዕም የለውም።" ከዚያ ሌላ ሣጥን ጠርሙስ ሰጠኝ። "ሁሉንም እንደገና ቅዳ። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ለሰዎቹ ንገራቸው። የመጀመሪያው ስህተት ነበር በላቸው። የኛ ስህተት ነበር ብትል እንኳ ደስ ይለኛል።"

እኔ ልሸከመው የማልፈልገውን ለመካፈል የተዘጋጀ ሰው ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም።

ያን ክረምት እንደገና ቀዳሁ። ጠርሙሶቹን አልነካኋቸውም፤ እጄ ወደ ወይራው እየሄደ እመልሰው ነበር። ብዙዎቹ ውሃዎች ደህና ሆኑ፤ ጥቂቶቹ መጥፎ ሆኑ። የመምሬ ጉድጓድ ከመጥፎዎቹ ሁሉ የከፋው ነበር። ወረቀቱ ላይ በቀይ ተሰምሮበታል።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበር መንደሪቱ እስክደርስ በበቅሎዋ ጀርባ ላይ የምናገረውን ስለማመድ ሄድኩ። "ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ተሳስቻለሁ። ጠርሙሱን አጥኜው ነበር። የመምሬ ምራት ልክ ነበረች።" ሦስት ዓረፍተ ነገር ናቸው። ከዚያ የረዘመ ስንት ነገር በቃሌ ይዤ አውቃለሁ።

ዋርካው ሥር እንደ በፊቱ ተሰበሰቡ። መምሬ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉልኝ። "ባለ ጠርሙሱ መጣልን" አሉ ለሕዝቡ። "ይህ ሰው አይሳሳትም።"

እሷ ከሴቶቹ ጋር ዳር ላይ ተቀምጣለች። ትንሹ ልጅ ጭኗ ላይ ተኝቷል፤ አንገቱ ቀጥኗል።

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን የተለማመድኩት አልነበረም። "ውሃው በፊት ንጹሕ ነበር" አልኩ። "አሁን ተበላሽቷል። መዘጋት አለበት።"

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከአፌ እስኪወጡ ድረስ ውሸት መሆናቸውን ራሴም በውል አላሰብኩትም። ጉድጓዱ ይዘጋል፣ ልጆቹ ይድናሉ፤ ሌላው ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ነበር። ስሜን አዳንኩ፣ እነሱንም አዳንኩ፤ አንድም ሰው የተጎዳ አልመሰለኝም።

"ምን አገኘው?" አሉ መምሬ። ድምፃቸው እንደ ሕፃን ሆነ።

"እንጃ" አልኩ። "አንድ ነገር ገብቶበታል።"

ያ ሽማግሌ፣ ያኔ "አስመዘነቻ" ያለው፣ በትሩን መሬት ላይ አሳረፈ። "የገባበትንማ እናውቃለን" አለ። "አፍ ነው የገባበት። ንጹሕ ነው ተብሎ በመንግሥት ወረቀት ተነቦልን ነበር። አንዲት ሴት ግን ክፉ ነው፣ ክፉ ነው ስትል ከረመች። ይኸው ክፉ ሆነ።"

አንድም ሰው አልሳቀም። ሴቶቹ ሳይነሡ፣ ሳይናገሩ፣ ከጎኗ በትንሹ ሸሸት ሸሸት አሉ። ያቺን መሸሽ አይቻታለሁ። አሁንም ብናገር ይበቃ ነበር፤ ጊዜው ገና አላለፈም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ጉድጓዱን በድንጋይ ሞሉት። መምሬ የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሳቸው ጣሉ። አዲስ አበባ የነበረው ሰው በደብዳቤ "ነገርካቸው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ "ነግሬአቸዋለሁ" ብዬ መለስኩ። ልጆቹ ዳኑ፤ ይህን በእርግጥ አውቃለሁ። የእሷ ነገር ግን በየበቅሎ ጉዞዬ ከመንገደኛ እየሰማሁት ነው የኖርኩት። አራስ ያለበት ቤት አይጠራትም አሉ። ወተት የምትንጥ ሴት እሷ ስታልፍ ዕቃዋን ትሸፍናለች አሉ። ባሏ ሁለት ዓመት ታገሠና በሽማግሌ ተለያዩ። ትልቁን ልጅ አያቱ አስቀሩት፣ ትንሹን ይዛ ጎረቤላ ወጣች። እኔ በነዚያው ዓመታት ከዘበኝነት ወደ ውሃ ተቆጣጣሪነት አደግሁ፤ ኮቱንም በራሴ ገዛሁ። በሥራዬ ከዚያ ወዲያ አንድ ስህተት አልተገኘብኝም። ሰው የሚያደንቀኝ በዚህ ነው።

ስድስት ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በሃምሳዎቹ ማብቂያ አካባቢ፣ ጎረቤላ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ልገዛ ጎንበስ ስል፣ ሻጪቱ እጄን ሳይሆን ፊቴን አየች።

"አንተ ባለ ጠርሙሱ አይደለህም?"

ፀጉሯ ከፊት በኩል ሸብቷል። አወቅኋት። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ልጁ ጠየቅኋት፣ ትምህርት ቤት ገብቷል አለችኝ። ሽንኩርቱን እየመረጠች ሳታየኝ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች። "ያን ጊዜ፣ መጀመሪያ፣ ውሃው በእውነት ንጹሕ ነበር?"

ጠጋ ብዬ ቁጢጥ አልኩ።

"የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኛል" አለች። "በአፌ ላበላሸሁት። በቀን አርባ አርባ ስግደት፤ ሦስት ዓመት ሰግጃለሁ። እየሰገድኩ ግን አንድ ነገር አይገባኝም። ልጄ የታመመው ውሃው ከመበላሸቱ በፊት ነው እኮ። እኔ እንዳልኩት ከሆነ ያኔም ክፉ ነበር። እናንተ እንዳላችሁት ከሆነ እኔ ነኝ ክፉ ያደረግሁት። የቱ ነው?"

ገበያው መሃል፣ ሽንኩርቱ ዳር ቁጢጥ እንዳልኩ፣ ሁሉን ነገርኳት። ወይራውን፣ ቋጠሮውን፣ ሳህኖቹን፣ ዋርካው ሥር ያልኩትን። ሳልጠይቅ ይቅርታ የምታደርግልኝ መስሎኝ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ ይቅር ብሎኝ ያውቃል። እሷ ግን የሽንኩርቱን ገለባ ከጨርቁ ላይ ስትጠርግ ቆየች።

"ዕቃውን ማጠንህ ልክ ነበር" አለች በመጨረሻ። "እኔም ብሆን አጥነው ነበር። የመጀመሪያው ባለማወቅ ነው።" ከዚያም ቀና ብላ፣ "ሁለተኛውን ግን አውቀህ ነው" አለች።

"አውቄ ነው።"

"ለኔ ምን ትነግረኛለህ። እዚያ ያልኸውን እዚያ ሄደህ በል። ዋርካው አሁንም አለ።"

የደብሩ ክብረ በዓል ሲደርስ ሄድኩ። መምሬ ዐርፈው ነበር፤ መቃብራቸው ከተደፈነው ጉድጓድ በላይ ነው። ያ ሽማግሌ ግን አለ፤ ዓይኑ ጠፍቶ በልጁ እየተመራ ነው የመጣው። ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት እንድናገር ለመንኳቸው። ለትልቅ ሰው የሚሰጠውን ወንበር ሰጡኝ። በዚህ ጊዜ ተናገርኩ። መጀመሪያ ላይ ስለ ሥራዬ ጥቂት ሳላወራ አልቀረሁም፤ ልማድ ነው፤ ግን ዋናውን ተናገርኩ። ጠርሙሱን በወይራ እንዳጠንኩ፣ ጭሱ ክፉውን እንደደበቀብን፣ ውሃው ከመጀመሪያውም መጥፎ እንደነበረ፣ ሴትየዋ ልክ እንደነበረች፣ ይህን ሁሉ እያወቅሁ እንደዋሸኋቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ጎልማሳ፣ "እንግዲህ የወይራ ጭስ ውሃውን ንጹሕ ካደረገው፣ ጉድጓዱን ከፍተን አጥነን እንጠጣዋ" አለ።

ዋርካው ሥር ሳቅ ሆነ። "ለዚያ ጉድጓድ የሚበቃ ወይራ ከየት ይመጣል" አለ ሌላው። "የአንኮበር ጫካ አለ አይደል።" ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ሳይቀር ሳቀ። "አይ ባለ ጠርሙሱ" አለ፣ "ጠርሙስ ያጥናል እንዴ ሰው። ድሮም ቀልደኛ ነህ።" እኔ ደግሜ ልናገር ስል ደወሉ ተደወለ፣ እልልታው ተነሣ፣ ሁሉም ወደ ታቦቱ ዞረ። ከበዓሉ በኋላ ምሳ አበሉኝ። ጠላ ሲቀዱልኝ ዋንጫውን እያሳዩ "ታጥኗል፣ አይፍሩ" ይሉኝ ነበር። ስለ እሷ ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔ ሳነሣ "የድሮ ነገር ነው፣ ተወው" አሉኝ።

በቀጣዩ ገበያ ቀን ጎረቤላ ሄድኩ። ከሩቅ አይታኝ ሚዛኑን አስቀመጠች።

"ሄድክ?"

"ሄድኩ። ሁሉንም ተናገርኩ።"

"ምን አሉ?"

ለመዋሸት ጊዜ ነበረኝ፤ ግን አልዋሸሁም። "ሳቁ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ሚዛኑን መልሳ አነሣች።

"እኔን አበላሸችው ሲሉኝ አልሳቁም ነበር" አለች።